ለሱሉልታ ብርድ የሚሆን ላይተር

የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሻማ፣ ጠዋት ደግሞ ከሰል መለኮስ ስላለብኝ ላይተር ከኪሴ አይለይም። ባለፈው ክረምት ከሰፈራችን ሱቅ የገዛሁት፣ ሲጫኑት ቀጭ የሚል ባለ ቁልፍ ላይተር አንድ ማታ ደጋግሜ ብጫነውም አልበራ አለኝ። ጎረቤቴ በአንድ የክብሪት እንጨት ሻማውን አበራችልኝ፤ እኔም አፈርኩ።

እንዲህ ያለው ላይተር ብልጭታ የሚያወጣው በውስጡ ያለው ክሪስታል ሲመታ በሚፈጠር ኤሌክትሪክ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ርጥበትም ሲጨመርበት፣ ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። ጥርስ ያለው ጎማ ድንጋይ እየፋቀ የሚለኩሰው ግን ቢረጥብ እንኳ እፍ ብለው ካደረቁት በኋላ ይሠራል። ስለዚህ አሁን የምይዘው ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረተውን ቢክ የሚባል ባለ ጎማ ላይተር ነው። ነበልባሉ የተረጋጋ፣ ጎማውም ለአውራ ጣት የሚመች ነው። ሰውነቱ የማያሳይ በመሆኑ ግን ጋዙ ምን ያህል እንደቀረ ማወቅ አይቻልም፤ ይህ እንከኑ ነው።

ዚፖ የሚባለው በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ የብረት ላይተር ነፋስን በመቋቋም ቢክን ይበልጠዋል፤ ሆኖም ነዳጁ ሳይጠቀሙበትም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለሚተን፣ ለድንገተኛ ችግር ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ዚፖ በተፈለገበት ሰዓት ደርቆ ይገኛል።

በቢክ ውስጥ ያለው ቡቴን የሚባል ጋዝ ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ በደንብ ስለማይተን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ላይተሩን በውስጥ ኪስ መያዝ ወይም ከመለኮስ በፊት በመዳፍ ጨብጦ ማሞቅ ይበጃል።