«ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ዋሽንግተን» የሚል ቲኬት ሻጭ ሲያጋጥማችሁ

ከባሕር ዳር ተነስታችሁ ወደ ዋሽንግተን ልትሄዱ ቲኬት የምትፈልጉ ወገኖቼ፣ ሻጩ የጉዞውን ርዝመት በቃል ስለነገራችሁ ብቻ ገንዘብ እንዳትከፍሉ። ስሙን የማልጠራው አንድ የከተማችን የጉዞ ወኪል «ፈጣኑ ይህ ነው» ብሎ ለአክስቴ በውድ ዋጋ የሸጠላቸው ቲኬት፣ ሰዓቱ ተቆጥሮ ሲታይ ቀርቦላቸው ከነበረው ርካሽ አማራጭ በብዙ የሚረዝም ነው።

ማታለያው እንዲህ ነው። ቲኬት ላይ የመነሻ ሰዓት በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው ደግሞ በመድረሻው ከተማ አቆጣጠር ይጻፋል። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ 22:30፣ ማለትም ከምሽቱ 4:30 ተነስቶ በማግስቱ 8:00፣ ማለትም ከጠዋቱ 2:00 ዋሽንግተን ይገባል እንበል። ሻጩ አንዱን ከሌላው ቀንሶ «ዘጠኝ ሰዓት ተኩል» ይላችኋል። ዋሽንግተን ግን በአሜሪካ የብርድ ወራት 8፣ በቀረው ጊዜ 7 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ናት። ስለዚህ እውነተኛው ጉዞ ቢያንስ 16 ሰዓት ተኩል ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበሩ፣ የትም ሳያርፉ እንኳ 13 ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል። ከዚያ በጣም ያነሰ የሚነግራችሁ ሰው ወይ እሱ ሒሳብ አይችልም፣ ወይ እናንተ አትችሉም ብሎ ደምድሟል።

የመመለሻውን ሰዓት ለመሄጃው የሚጠሩም አሉ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ለረጅም መንገድ ነዳጅ የሞላ አውሮፕላን ከነሙሉ ጭነቱ ለመነሳት ይቸገራል። ወደ አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች መንገድ ላይ አርፈው ነዳጅ የሚቀዱት በዚህ ምክንያት ነው። ከፍታ ላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስም ከምዕራብ ስለሚመጣ ሲሄዱ ይቃወማል፣ ሲመለሱ ያግዛል።

የአክስቴ ጉዞ ከዚህም የባሰ ነው። ወደ ምዕራብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዱባይ! እስከ ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያ እስከ ዋሽንግተን ከ11,300 በላይ፤ ድምሩ ወደ 14,000 ይጠጋል። ይባስ ብሎ ሁለቱ በረራዎች በተለያየ ቲኬት የተገዙ ናቸው። የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ አይጠብቃቸውም፣ ገንዘባቸውንም የመመለስ ግዴታ የለበትም። ሻንጣቸውን ዱባይ ላይ ራሳቸው ተረክበው እንደገና ማስመዝገብ አለባቸው፤ ለዚያ ደግሞ ቪዛ ሊጠየቁ ይችላሉ። እንግሊዝኛ የማይናገሩ አዛውንት ናቸው፤ ይህንን ሻጩ አሳምሮ ያውቅ ነበር።

ለእኛ ለባሕር ዳር ሰዎች ሌላም አደጋ አለው። እስከ አዲስ አበባ ያለው በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆንም በክረምት ዝናብና ደመና ሊያዘገየው ይችላል። ስለዚህ ከባሕር ዳር እስከ መጨረሻው በአንድ ቲኬት እንዲሆን ጠይቁ። የት የት እንደሚያርፍና ጠቅላላ ሰዓቱን በጽሑፍ አስፈርሙ። የተሰጣችሁ ስድስት ፊደልና ቁጥር ብቻ ከሆነ መቀመጫ ተይዟል እንጂ ቲኬት ተቆርጧል ማለት አይደለም፤ የተቆረጠ ቲኬት 13 አኃዝ ያለው ቁጥር አለው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል።

የሌሊት በረራ ቀንም ያሳስታል፦ ቲኬቱ ላይ ረቡዕ 00:20 ከተጻፈ፣ እኛ ማክሰኞ ሌሊት 6:20 የምንለው ነው።

ወኪሉ እስካሁን «የተሸጠ ቲኬት አይመለስም» ከማለት ሌላ መልስ አልሰጠንም።