ሊንክስ አዌከኒንግ ዲኤክስ፦ ከወራት በኋላም ያልለቀቀኝ አሮጌ ጌም

አሮጌውን ጌም ቦይ ከለር የተባለ የኒንቴንዶ የእጅ ጌም መጫወቻ ከነካሴቱ ስገዛ ብዙም ተስፋ አልነበረኝም። እስክሪኑ የራሱ ብርሃን የለውም፤ ስፋቱ 160 በ144 ፒክስል ነው። ጌሙ ያለ ቀለም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ የእኔው ባለቀለሙ የ1998 ነው። እንዲህ ያረጀ ነገር ሳምንት ይይዘኛል ብዬ አላሰብኩም።

ታሪኩን አስቀድሞ ማወቅ የማይፈልግ ሰው እዚህ ላይ ይቁም። የጌሙ ጀግና ሊንክ ጀልባው በማዕበል ተሰብሮ ኮሆሊንት የምትባል ደሴት ላይ ይወድቃል፤ ማሪን የምትባል ልጅ አግኝታ ታስጠጋዋለች። ከደሴቲቱ ለመውጣት ተራራው አናት ላይ ባለ ግዙፍ እንቁላል ውስጥ የተኛውን ዊንድ ፊሽ (የነፋስ ዓሣ) የተባለ ፍጡር መቀስቀስ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ በየዋሻው የተደበቁ 8 የሙዚቃ መሣሪያዎች ያስፈልጉታል። እስከዚህ የለመድነው ተረት ነው። ከዚያ ወደ 6ኛው ዋሻ መግቢያ ቁልፍ ፍለጋ አንድ የፈረሰ መቅደስ ትገባላችሁ፤ ግድግዳው ላይ የተቀረጸው ደሴቲቱ የተኛው ፍጡር ሕልም መሆኗን ይነግራችኋል። እሱ ሲነቃ ባሕሩም፣ ሰዉም፣ ማሪንም ይጠፋሉ!

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሌላ ሆነብኝ። የምገድላቸው ጭራቆች ዓሣው እንዳይነቃ የሚታገሉት ለካ ለሕይወታቸው ነው። ማሪን ቀደም ብላ ባሕር ዳር ተቀምጣ፣ ወፍ ብሆን ሩቅ በርሬ ለብዙ ሰው እዘፍን ነበር ብላኛለች። እኔ ደግሞ መሣሪያ ባገኘሁ ቁጥር መጥፊያዋን አቀርባለሁ። 7ኛውን ዋሻ መጨረስ እየቻልኩ ቀናት ያዘገየሁት ለዚህ ነው።

የሚያናድደው የመጫወቻው መጫኛ ቁልፍ ነው። ሁለት ብቻ ስለሆነ ሰይፉ፣ ጋሻው፣ መዝለያው ላባ፣ ድንጋይ ማንሻው አምባር ሁሉ ይሻሙበታል፤ በየደቂቃው ጨዋታውን አቁሞ መቀያየር ነው። አምባሩን ሳታደርጉ ድንጋይ ከነካችሁ ደግሞ ያው መልእክት በየጊዜው ይወጣል።

ሻጭ «በዚህ ብር ላይ ትንሽ ጨምርና ጥሩ ስልክ ውሰድ፤ ነጻ ጌም ሞልቷል» ይል ይሆናል። ነጻው ጌም በየመሃሉ ማስታወቂያ ያሳየኛል፤ ይሄ ሁለት ባትሪ ድንጋይ ይበቃዋል። «ስዊች ለሚባለው ለአዲሱ የኒንቴንዶ መጫወቻ በ2019 እንደገና ተሠርቷልኮ» የሚለኝም አለ። ያምራል፤ ግን ለእሱ ሲባል ስዊች መግዛት የለብኝም። ይልቅ አሮጌውን የምትገዙ ሰዎች ካሴቱ ሴቭ ማድረጉን ሻጩ ፊት አረጋግጡ። ሴቭ የተደረገውን የሚይዘው ውስጡ ያለች ትንሽ ባትሪ ናት፤ እሷ ከሞተች የደከማችሁበት ሁሉ ይጠፋል።

የእኔን አልሸጥም። አንዴም ሳይሞት ለጨረሰ ሰው መጨረሻው ላይ ማሪን ትታያለች፤ እሷን ሳላይ ካሴቱን ለማንም አልሰጥም።