የሂክቪዥን ባለ 3 ሜጋፒክስል ካሜራ፦ ምስሉ ይመሰገናል፣ መግቢያው ግን ይፈተሽ

በሕንፃ በሮችና ኮሪደሮች ላይ እስካሁን ተሰቅሎ የሚታየው፣ ያገለገለው ደግሞ በቅናሽ የሚሸጠው ዲኤስ-2ሲዲ2032ኤፍ-አይ የተባለው የቻይናው ድርጅት የሂክቪዥን ካሜራ በምስል ጥራቱ ዛሬም የሚናቅ አይደለም። በ2048 በ1536 ፒክስል ይቀርጻል፤ በጨለማ እስከ 30 ሜትር የሚያሳይ ኢንፍራሬድ አለው፤ አካሉ ዝናብና አቧራ አያስገባም፤ ኤሌክትሪክና ኔትወርክ በአንድ ገመድ ስለሚያገኝ ዝርጋታውም ቀላል ነው። የሚጠቀመው የቪዲዮ መጭመቂያ የቀድሞው ኤች 264 በመሆኑ ሃርድ ዲስክ ቶሎ ይሞላል፤ ከዚህ በቀር በምስሉ በኩል የምነቅፈው የለኝም።

የምነቅፈው መግቢያውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጋቢት ወር አንድ ተመራማሪ በዚህና በሌሎች በርካታ የድርጅቱ ሞዴሎች ላይ ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ክፍተት ማግኘቱን አሳወቀ፤ በግንቦትም የአሜሪካ መንግሥት የኢንዱስትሪ ሳይበር ደህንነት ቡድን ሲቪኢ-2017-7921 በሚል ቁጥር መዝግቦ ከ10 ሙሉውን 10 የአደገኛነት ደረጃ ሰጠው። ከዚህ በላይ ደረጃ የለም።

አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው። ካሜራውን በብሮውዘር ስንከፍት እንደ ደንቡ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ነገር ግን በአድራሻው መጨረሻ ላይ፣ ሲፈታ «አድሚን» የሚለውን ስምና «11» የሚለውን ቁጥር የሚሰጥ አጭር ኮድ ከተቀጠለበት፣ «11» የባለቤቱ የይለፍ ቃል ባይሆንም ካሜራው ያለ አንዳች ጥያቄ ይከፍታል፤ የባለቤቱን ስም የጠራለትን ሁሉ ከሚያስገባ ዘበኛ አይሻልም። የገባው ሰው የተጠቃሚዎችን ዝርዝር ያያል፣ በዚያች ቅጽበት ካሜራው የሚያየውን ፎቶ ይወስዳል፣ የይለፍ ቃሎቹ ያሉበትን የማስተካከያ ፋይልም ያወርዳል። ፋይሉ የተመሰጠረ ቢሆንም መፍቻው በየካሜራው የሚለያይ አይደለም፤ ስለዚህ አንዴ የታወቀ መፍቻ ሁሉንም ይከፍታል። የይለፍ ቃላቸውን የረሱ ባለቤቶች ይህንኑ ክፍተት ለመልካም ተጠቅመው ካሜራቸውን መልሰው መክፈታቸው የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው።

ከዚህ የተነሣ፣ ካሜራ የሚተክሉ ባለሙያዎች ዘወትር የሚሰጡት «ጠንካራ ፓስወርድ አድርጉበት» የሚለው ምክር በዚህ ክፍተት ላይ ምንም አይሠራም፤ የይለፍ ቃሉ ሃያ ፊደል ቢሆን እንኳ አይጠየቅምና። የሚሠራው ፈርምዌሩን፣ ማለትም ካሜራውን የሚያንቀሳቅሰውን የውስጥ ሶፍትዌር፣ ማደስ ብቻ ነው። ድርጅቱ ማስተካከያውን በዚያው ዓመት አውጥቷል፤ ለዚህ ሞዴል 5.4.5 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ስሪት መጫን አለበት። ስሪቱን ለማወቅ ኤስኤዲፒ የተባለውን የድርጅቱን ነፃ ፕሮግራም በአንድ ኔትወርክ ላይ ባለ ኮምፒውተር መክፈት በቂ ነው፤ ያገኛቸውን ካሜራዎች ሁሉ ከነፈርምዌራቸው በሰንጠረዥ ያሳያል። ገንዘብ ሳይከፈል ይህ በሻጩ ፊት ቢደረግ እመክራለሁ።

እዚህ ላይ ግን ከካሜራው ይልቅ ገበያው ያስቸግራል። ለቻይና ገበያ ብቻ ተሠርተው፣ ሜኑአቸው በመሃል ነጋዴዎች ወደ እንግሊዝኛ ተቀይሮ ወደ ሌላ አገር የወጡ ካሜራዎች ብዙ ናቸው። እንዲህ ባለው ካሜራ ላይ ዓለም አቀፉን ፈርምዌር መጫን ሜኑውን ወደ ቻይንኛ ሊመልሰው፣ ሲብስም ካሜራውን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ባለቤቱ ፈርቶ ከነክፍተቱ ይተወዋል። መለያው ከጀርባው በተለጠፈው ሲሪያል ቁጥር ውስጥ ይገኛል፤ «ሲ ኤች» የሚሉ ፊደላት ያሉበት ለቻይና፣ «ደብሊው አር» ያሉበት ለዓለም ገበያ የተሠራ ነው። የመጀመሪያውን በነፃ ቢሰጡኝ እንኳ በሕንፃ ላይ አልሰቅለውም።

የአተካከሉም ነገር ቀላል አይደለም። ውጭ አገር ሆነው የሚያሠሩትን ቤት ወይም የሚያከራዩትን ሕንፃ በስልካቸው ለማየት የሚፈልጉ ባለቤቶች አሉ፤ ሠራተኛውም ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ በራውተሩ ላይ ፖርት (ከውጭ የሚያስገባ መተላለፊያ) ከፍቶ ካሜራውን በቀጥታ ለኢንተርኔት ያጋልጠዋል። ክፍተቱ የሚጎዳው በዋናነት እንዲህ የተጋለጠውን ካሜራ ነው። ካሜራዎቹ ገመዳቸው በቀጥታ ከኤንቪአሩ (ቪዲዮአቸውን ከሚቀዳው መሣሪያ) ጀርባ ቢሰካ በራሳቸው የውስጥ ኔትወርክ ውስጥ ይቀራሉ፤ ከውጭ የሚታየው ኤንቪአሩ ብቻ ይሆናል። እሱም ቢሆን በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መስመር፣ በኩል ቢታይ ይመረጣል። በራውተሩ ላይ ዩፒኤንፒ (መሣሪያዎች ራሳቸው ፖርት እንዲያስከፍቱ የሚፈቅደው አሠራር) በርቶ ከሆነ ባለቤቱ ሳያውቅ ፖርት ሊከፈት ስለሚችል እሱን ማጥፋት ያስፈልጋል።

አዲሶቹ ሞዴሎች ከዚህ ክፍተት ነፃ ቢሆኑም፣ እ.ኤ.አ. በ2021 መስከረም ያለ ይለፍ ቃል ትእዛዝ ለማስፈጸም የሚያስችል ሌላ ክፍተት በድርጅቱ ምርቶች ላይ ይፋ ሆኗል፤ የዚያም ደረጃ 9.8 ነበር። ስለዚህ አዲስ የሚገዛም ሰው ፈርምዌሩን ማየት አይቀርለትም። 2032ኤፍን በተመለከተ ግን ፍርዴ ይህ ነው፦ «ደብሊው አር» ሆኖ፣ 5.4.5 ተጭኖበት፣ ከኤንቪአር ጀርባ የሚቀመጥ ከሆነ ለመጋዘንና ለመኪና ማቆሚያ የሚሆን ካሜራ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ አይገዛ።