ባለ ሁለት ፎቁ የሃምስተር ኬጅ፦ ለሽማግሌ ሃምስተር ይሆናል?

አሜሪካ ውስጥ የቤት እንስሳት መደብሮች ለጀማሪ ብለው በጥቅል የሚሸጡት የሃምስተር (አይጥ መሰል ትንሽ የቤት እንስሳ) የሽቦ ኬጅ ከነመሰላሉ፣ ከነመሮጫ ጎማውና ከነውሃ ጡጦው ይመጣል። ልጆች ፎቁን ሲያዩ ሌላ ኬጅ አይታያቸውም። ለወጣት ሃምስተር እንኳ ጠባብ ነው፤ ላረጀው ደግሞ ወጥመድ። የሶሪያ ሃምስተር ዕድሜው ከ2 እስከ 3 ዓመት ስለሆነ፣ ዓመት ተኩል የሞላውን ሽማግሌ በሉት።

ዋናው ጣጣ ፎቁ ነው። የሃምስተር ዓይን ድሮም ደካማ ነው፤ ሲያረጅ ሞራ ይጨመርበትና የፎቁን ጫፍ አይለይም። መገጣጠሚያው የታመመ የኋላ እግር መሰላል ላይ ይከዳዋል። ከ30 ሴንቲ ሜትር መውደቅ አከርካሪውን ሊሰብረው ይችላል። የሽቦ መረብ ወለሉም ጣቱን ይይዛል፣ መዳፉን ያቆስላል። ፎቁንና መሰላሉን ፈታችሁ አውጡ፤ የታችኛው ትሪ ብቻ ይቅር። ትሪው ላይ የወረቀት ንጣፍ አድርጉ። የጥድ ሰጋቱራ አይሆንም፤ ጥጥ መሳዩ መኝታ ደግሞ እግር ላይ ይጠመጠማል።

አብሮ የሚመጣው ጎማ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው። ሲሮጥ ከጎን እዩት፤ ጀርባው ወደ ላይ ከተቆለመመ አንሶታል። ለሶሪያ ሃምስተር ዲያሜትሩ 28 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ መርገጫው ድፍን የሆነ ጎማ ለብቻው ግዙ። አርጅቷል ብሎ ጎማውን መንጠቅ ግን ስህተት ነው፤ ያልሠራ እግር ይብስ ይሰንፋል። መግቢያው ከንጣፉ እኩል እንዲሆን ዝቅ አድርጉለት።

የኋላ እግሩን በድንገት መጎተት ከጀመረ ግን እርጅና ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ስብራት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት፤ 140 ግራም የነበረው 125 ከገባ ያው ሐኪም ነው። ከአገር ቤት መጥቶ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠውን አሞክሳሲሊን የተባለ አንቲባዮቲክ እንዳትሞክሩ! የአንጀቱን ባክቴሪያ አዛብቶ ሊገድለው ይችላል።

ጡጦው ከፍና ዝቅ ማለቱ የኬጁ ጥሩ ጎን ነው። ቀና ሳይል እንዲደርስበት አውርዱት። ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ስለምትጣበቅ በየጠዋቱ በጣት ገፋ አድርጋችሁ ጠብታ መውጣቱን እዩ። መግፋት ካቃተው ጠርዙ ከ2 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ የማይገለበጥ የሸክላ ሳህን አስቀምጡለት።