ካውያ የማይሻው ሸሚዝ እና የመጀመሪያው እጥበት
ከመርካቶ የገዛሁት ሰማያዊ የጥጥ ሸሚዝ ስፌቱ ጠንካራ፣ አንገትጌው በልኩ የቆመ፣ እንደተባለውም ካውያ የማይሻ ነው። ሆኖም ከላስቲኩ ሲወጣ የሚሰነፍጥ ሽታ ነበረው። እንዲህ ያለው ጨርቅ እንዳይጨማደድ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ ፎርማልዴሃይድ የተባለ የሚሰነፍጥ ጋዝ በሚለቅ ኬሚካል በመሆኑና ይህም የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ሊያሳክክ ስለሚችል፣ የአውሮፓ ኅብረት ቆዳ በሚነካ ልብስ ውስጥ የፎርማልዴሃይድ መጠን በኪሎ ግራም ከ75 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ገድቧል። ሸሚዙ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ሲለቀለቅ ሽታው ጠፋ፤ ከጨርቁ የወጣው ትርፍ ቀለም ግን ውኃውን ሰማያዊ አደረገው። ሻጩ «አዲስ ልብስ ምን ያሳጥበዋል?» ማለቱ አላሳመነኝም፤ ስንት ሰው እንደለካው እርሱም አያውቅም። ለዋጋው መልካም ሸሚዝ ነው። እጥበት ከክሩ ጋር የተጣበቀውን ኬሚካል ሙሉ በሙሉ ስለማያስወግድ ግን፣ ለሕፃን እንዲህ ዓይነቱን ጨርቅ አልመርጥም።