ለወጣት ልጅ የማገገሚያ ማዕከል ስንመርጥ ያየነው

የ16 ዓመት ልጃችን ትራማዶል ከተባለው የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ሱስ ለመላቀቅ ተኝቶ የታከመበትን ማዕከል የመረጥነው ከሌሎች ጋር በጥንቃቄ አነጻጽረን ነው። ሌሎቹ ስለ መኝታውና ስለ ስፖርት ሜዳው በሰፊው ሲያስረዱን፣ የዚህኛው ኃላፊ አስቀድመው የጠየቁን ልጁ በተመላላሽነት ታክሞ ያውቅ እንደሆነና ካልተሻለውም ምክንያቱ ምን እንደነበር ነው። በተመላላሽ ሕክምና ሊድን የሚችልን ልጅ ከቤቱና ከትምህርቱ መነጠል እንደማይገባ በግልጽ የሚናገር ተቋም እምነት ይጣልበታል።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት የሕክምና ዕቅዱን አሠራር ነው። ዕቅዱ የተጻፈው ልጁ ባለበት ሲሆን፣ «ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ የምጠራው ሰው ስም ይጻፍልኝ» ያለው በራሱ ቃል ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 25፣ በባለሥልጣናት ውሳኔ ለሕክምና የተቀመጠ ልጅ ሁኔታው በየጊዜው እንዲገመገምለት ይደነግጋል፤ በወላጁ ፈቃድ የገባ ልጅም ከዚህ ያነሰ ሊደረግለት አይገባም። እዚህ ግምገማው እኛም በተገኘንበት ይካሄድ ስለነበር፣ መድኃኒቱ ሲለወጥ የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ምክንያቱን ለእሱም ለእኛም አስረድተዋል።

ልጁ ማንም ሳይሰማው በስልክ ያነጋግረን ነበር። ሌላ ቦታ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም ዓይነት ግንኙነት እንደማይፈቀድ ተነግሮናል፤ ከወላጆቹ የተቆረጠ ልጅ ቢበደል ለማን ይናገራል? ልጅ ሲቆጣ በኃይል ይዘውት ወይም ለብቻው ዘግተውበት ያውቁ እንደሆነ ስንጠይቅም፣ የዚህ ማዕከል ሠራተኞች ሳይከፉ መመሪያቸውንና እንዲህ ያለው አጋጣሚ የሚመዘገብበትን ቅጽ አሳይተውናል።

ትምህርቱ ግን ደካማ ነው። መምህሩ አዘውትሮ ስለማይመጣ ልጃችን በሒሳብ ወደኋላ ቀርቷል፤ የቤተሰብ ምክክሩም ሁልጊዜ በሥራ ሰዓት መሆኑ ለሠራተኛ ወላጅ ይከብዳል።

የመውጫ ዝግጅቱ ይህን ጉድለት ያካክሳል ብዬ አምናለሁ። ለተወሰነ ጊዜ ከትራማዶል የራቀ ሰውነት የቀድሞውን መጠን መቋቋም ስለማይችል፣ ሱሱ ቢያገረሽና እንደ ድሮው ቢወስድ ለሞት ሊዳርገው እንደሚችል ለልጁም ለእኛም ሳይሸፋፍኑ ነግረውናል። የተመላላሽ ክትትሉ ቀጠሮና የሚከታተለው አማካሪ ስም ሳይወጣ በፊት በእጁ ነበሩ። ለማስገባት የምታስቡ ወላጆች ይህንኑ የመውጫ ዕቅድ ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ማሳየት ካልቻሉ ሌላ ቦታ ፈልጉ።