ቡችላ ወይስ ያደገ ውሻ? ከመግዛታችሁ በፊት

ውሻ ለማሳደግ የቆረጠ ሰው መጀመሪያ የሚያስጨንቀው ዝርያው ነው፤ ላብራዶር ይሁን፣ ጀርመን ሼፐርድ ይሁን ወይስ ክልስ። እኔ ከዚያ በፊት ዕድሜው መወሰን አለበት ባይ ነኝ። የ8 ሳምንት ቡችላና የ3 ዓመት ውሻ ይዘውት የሚመጡት ሥራ ለየቅል ነው። ሁለቱንም አሳድጌያለሁ። ቡችላውን ያመጣሁት ፊቱን አይቼ ልቤ ስለራራ ነበር፤ ትልቋን ውሻ ግን ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አይቻት፣ አስቤበት ነው። ሁለቱንም ከልቤ ወድጃቸዋለሁ። ያም ሆኖ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ቢያማክረኝ፣ ያለ ማመንታት ያደገ ውሻ ውሰድ እለዋለሁ።

ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው?

የቡችላ ትልቁ ወጪ ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ እንደሚባለው ቡችላ ሽንቱን መያዝ የሚችለው በወር በተቆጠረ ዕድሜው ላይ አንድ ሲደመር በሚገኘው ሰዓት ያህል ነው፤ የ2 ወሩ ቢበዛ 3 ሰዓት፣ የ3 ወሩ 4 ሰዓት። ሲነቃ፣ በልቶ ሲጨርስና ተጫውቶ ሲያበቃ ደግሞ ወዲያው መውጣት አለበት። የእኔው በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊት ሌሊት ሁለት ጊዜ ይቀሰቅሰኝ ነበር። ከአልጋዬ አጠገብ ካስቀመጥኩት ካርቶን ውስጥ ቀጭን ድምፅ ሲያሰማ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ አቅፌው እወጣለሁ። ሣሩን ያሸታል፣ ይዞራል፣ እንደገና ያሸታል። ሸንቶ ሲጨርስ እዚያው ቆሜ፣ በዚያችው ቅጽበት ትንሽ ምግብ አፉ ላይ አደርግለታለሁ። ቤት ገብተን ብሰጠው የተሸለመው በሩን አልፎ ስለገባ ይመስለዋል። ሽልማት ከድርጊቱ ከአንድና ሁለት ሰከንድ በላይ ከዘገየ ውሻው ከምን ጋር እንደሚያገናኘው አይታወቅም።

ቤት ውስጥ ሲሸና መቆጣት፣ ይባስ ብሎም አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሻሸት አንድ ነገር ብቻ ያስተምረዋል፤ ከእናንተ ተደብቆ መሽናትን። በዚህ ጉዳይ ላይ አልደራደርም።

ጤናማ የሆነ ያደገ ውሻ ከ6 እስከ 8 ሰዓት መቆየት ይችላል። ውጭ መውጣትን የለመደም ቢሆን አዲስ ቤት ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊሳሳት ይችላል፤ እንደ ቡችላ ቶሎ ቶሎ ካወጣችሁት ቶሎ ያስታውሳል። የእኔዋ የተሳሳተችው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ቶሎ የሚያልፉት ሳምንታት

ቡችላ ከእናቱና አብረውት ከተወለዱት ጋር ቢያንስ 8 ሳምንት መቆየት አለበት። እርስ በርሳቸው ሲናከሱ፣ አንዱ ሲያመው ጮሆ ጨዋታውን ሲያቆም፣ ቡችላው የአፉን ኃይል መመጠን ይማራል። ሻጭ የ5 ሳምንት ቡችላ አቅርቦ «መብላት ጀምሯል፣ ችግር የለውም» ቢላችሁ አትውሰዱ። እናቱን አሳዩኝ በሉ። የምትደበቅና ሰው የምትፈራ እናት ስለ ልጆቿ ብዙ ትናገራለች።

ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላው ዓለምን የሚለምድበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤሊየት ባሳተሙት ጥናት፣ ያለ ሰው ንክኪ በታጠረ ሰፊ ሜዳ ያደጉ ቡችሎች እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ሳይለምዱ ሲቆዩ ከዚያ በኋላ እንደ ዱር እንስሳ ሰው የሚሸሹ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ሞተር ብስክሌት፣ ዝናብ፣ የዕቃ ኳኳታ ሁሉ ሳይፈራ ሊያየውና ሊሰማው የሚገባው ያኔ ነው።

ችግሩ ይህ ጊዜ የሚያልቀው ክትባቱ ሳያልቅ መሆኑ ነው። ቡችላን ሊገድሉ የሚችሉት የቫይረስ በሽታዎች፣ የፓርቮና የዲስቴምፐር ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ፣ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተደገመ 16 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ እስኪሞላው ይቀጥላል። የሚደጋገመው ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፍበት ነው፤ ያ መከላከያ መቼ እንደሚጠፋ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። የፓርቮ ቫይረስ በአፈር ውስጥ ለወራት መቆየት ይችላል። እኔ መፍትሔ ያደረግሁት አቅፌው መዞርን ነው። ብዙ ውሾች የሚመላለሱበት ቦታ መሬት ሳላስነካው፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ዳር እንቀመጥ ነበር። ከተከተቡና ጤናማ ከሆኑ የወዳጅ ውሾች ጋርም ቤት ውስጥ አጫወትኩት። ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው ቡችላ ቢገዛ የሚያገኘው ፈሪ ውሻ ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ከብዙ ንክሻ ጀርባ ያለ ነገር ነው።

ያደገ ውሻ ይህን ጊዜ ከእናንተ በፊት ጨርሶታል። ጉዳቱ፣ ያመለጠውን መመለስ ከባድ ነው። ጥቅሙ፣ የምትገዙትን ታያላችሁ። የክልስ ቡችላ ቁመቱ የት እንደሚደርስ መገመት እንጂ ማወቅ አይቻልም፤ የ3 ዓመቱ ግን ቁመቱም፣ ጠጉሩም፣ ጠባዩም ፊታችሁ ቆሟል። ዕድል ከተሰጣችሁ በተለያየ ሰዓት ሁለት ሦስት ጊዜ ሄዳችሁ እዩት። በማሰሪያ ይዛችሁት ውጡ። ቁልፍ መሬት ላይ ጣል አድርጉ፤ መደንገጡ ችግር የለውም፣ ቶሎ ተረጋግቶ ሊያሸተው ይመጣል ወይ የሚለውን ተመልከቱ። ልጆች ካሏችሁ አብረዋችሁ ይሂዱ። ምግቡ ላይ ሰው ሲጠጋው ያጉረመርም እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቁ፤ እጃችሁን ሰድዳችሁ ግን አትሞክሩት። «ለምን ልትሰጡት ፈለጋችሁ?» ማለትም አትፈሩ፣ መልሱ ሲወላገድ ተጠንቀቁ። የክትባት ደብተሩን በዓይናችሁ ሳታዩ ደግሞ ገንዘብ አትክፈሉ።

ምግብ

ቡችላ ከ8 ሳምንት ጀምሮ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ከ6 ወር በኋላ 2 ጊዜ ይበላል፤ ምግቡም ለቡችላ ተብሎ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ትልቅ ዝርያ ከሆነ «አጥንቱ ይጠንክር» ብሎ ካልሲየም መጨመር ጥሩ እየመሰለ የሚጎዳ ነገር ነው። በተሟላ የቡችላ ምግብ ላይ የሚጨመር ካልሲየም፣ እንዲሁም በፍጥነት የሚያወፍር ምግብ፣ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ዕድገቱን ሊያዛባ ይችላል።

ለትልቁ 2 ጊዜ፣ ያውም ተለክቶ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት 48 ላብራዶሮችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከታትሏል፤ ከጥንዱ አንዱ የሚያገኘው ምግብ በ25 በመቶ ያነሰ ነበር። ትንሽ የበሉት በአማካይ 2 ዓመት ገደማ የበለጠ ኖረዋል። ከዚህ በኋላ ነው የትልቋን ምግብ በስኒ መለካት የጀመርኩት። እጃችሁን ጎኑ ላይ ስታሳርፉ ጎድኖቹ መዳሰስ አለባቸው፤ ወፍራም ሥጋ ከሸፈናቸው ቀንሱለት።

ትልቅ ውሻ ስትወስዱ ይበላ የነበረውን ምግብ ጠይቃችሁ የተወሰነ ይዛችሁ ሂዱ። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ አዲሱን እየጨመራችሁ አሮጌውን እየቀነሳችሁ ካልቀየራችሁ ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ ሽንኩርት፣ ዛይሊቶል በተባለ የስኳር ምትክ የጣፈጠ ማስቲካ ለሁለቱም መርዝ ናቸው፤ የበሰለ አጥንት ደግሞ ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ልዩነቱ ቡችላ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ መክተቱ ነው። ከ4 ወር ገደማ ጀምሮ 28ቱ የወተት ጥርሶቹ ወልቀው 42 ቋሚ ጥርሶች እስኪበቅሉ ድድ ስለሚያሳክከው ጫማችሁን ከፍ አድርጋችሁ ማስቀመጥ ነው።

ሥልጠና

ትልቅ ውሻ አይማርም የሚባለው ስህተት ነው። ቡችላ ልቡ የሚሰበሰበው ለ3 ወይም 5 ደቂቃ ነው፤ ትልቋ ውሻዬ ግን «ተቀመጪ»ን በሁለት ቀን ያዘችው። ከባዱ ማስረሳት ነው። መጥረጊያ ባነሳሁ ቁጥር ጅራቷን በእግሮቿ መሃል አስገብታ ሶፋ ስር ትገባ ነበር፤ ከእኔ በፊት ምን እንደደረሰባት ለመገመት አይከብድም። መጥረጊያውን መሬት ላይ አጋድሜ በዙሪያው ምግብ በተንሁላትና ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው ቀን ዳር ያለውን ብቻ አንስታ ሮጠች። እንጨቱን አልፋ የበላችው በ9ኛው ቀን ነው፤ እኔ እየጠረግሁ እሷ ሳትነሳ የተኛችው ግን አምስት ሳምንት ቆይቶ።

ብዙ ሰው ቡችላ የሚመርጠው «ትልቅ ውሻ አይለምደኝም» ብሎ ነው። ስጋቱ ይገባኛል፣ እኔም ነበረብኝ። ውሻ በበላበት ይጮሃል እንደሚባለው፣ የሚመግበውንና የማያስፈራራውን ሰው ይለምዳል፤ የሚፈልገው ጊዜ ነው። ለሦስት ሳምንት ያህል ትልቋ በሩ አጠገብ፣ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ ነበር የምትተኛው። አልጎተትኳትም፣ አልጠራኋትም፤ ምግቧን በሰዓቱ አስቀምጥላታለሁ፣ በሰዓቱ አወጣታለሁ። አንድ ማታ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ስጽፍ እግሬ ላይ ከበድ ያለና የሞቀ ነገር ተሰማኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ አገጯን ጫማዬ ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፍናለች። እግሬ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀስኩም።